የዓባይነሽ አውጫጭኝ

ዓባይነሽ ሰው አታምንም። ቆሰበር ከተማ ላይ ይህን የማያውቅ የለም። ወተት ስትገዛ ውሃ እንዳይጨመርባት ከላሟ ጎን ቆማ ነው የምታሳልበው። ባጃጅ ስትሳፈር ሹፌሩ መንገድ እንዳያዞርባት ዓይኗን ከአስፋልቱ አትነቅልም፤ ከመናኸሪያው እስከ ቤቷ ያለው መንገድ ግን አንድ ብቻ ነው፣ ወዴት ያዙራት? ባሏ ቢሻው፣ ነፍሱን ይማርና፣ «ዓባይ፣ አንቺ እኮ ገነት በር ላይ ብትደርሺም ቅዱስ ጴጥሮስን ቁልፉ የራስህ ነው ወይ ትይዋለሽ» እያለ ይስቅባት ነበር።

እንግዲህ የኮምፒውተር ቫይረስ ቤት አጥቶ እንዲህ ያለች ሴት ቤት ገባ!

ኮምፒውተሩን የገዛው አንድ ልጇ ደጀን ነው። ደጀን የመንገድ ሥራ ቀያሽ ስለሆነ ወሩን በረሃ ከርሞ ለጥቂት ቀን ብቻ ብቅ ይላል። በኮምፒውተሩ የምትሠራው ሚስቱ ዮዲት ናት። ሳሎኑ ጥግ፣ ከመስኮቱ ሥር ተቀምጣ የተማሪ ጽሑፍ፣ የክስ ማመልከቻ፣ የእድር ደብዳቤ ትተይባለች። ሰው ፍላሹን ይዞ ይመጣል፣ ጽሑፉን አስጭኖ ይሄዳል። ዮዲት ፀንሳለች፤ ሆዷ ገፍቷል። ዓባይነሽ ያንን ሆድ ባየች ቁጥር ልቧ ይርሳል። ቢሻው ከሞተ ወዲህ ቤቱ ወና ሆኖባታል፣ ይህ ልጅ በዚህ ቤት ውስጥ ሲያለቅስ ካልሰማች መኖሯ ራሱ ትርጉም የለውም። ዮዲትን አትወዳትም ማለት አይደለም። ትወዳታለች፤ አታምናትም እንጂ።

ደግሞስ እንዴት ትመናት? የዮዲት ወላጆች በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ ተነሥተው ፓዌ የሰፈሩ ናቸው። ዓባይነሽ ዘር ማንዘር ቆጥራ መድረስ አልቻለችም። «ያገሯ መንደር እኮ ስም እንኳ የለውም» ትላለች ለጎረቤቷ ለወርቅአየሁ፤ «መንደር ስድስት ነው አሉ። በቁጥር የሚጠራ አገር ታውቂያለሽ?»

በሽታው የጀመረው በክረምቱ መግቢያ ነው። አንድ ጠዋት ዮዲት ኮምፒውተሩን ብትከፍት ያስቀመጠችው ጽሑፍ ሁሉ መልኩ ተለውጧል። አንዱን ስትነካው ሌላ ይከፈታል፣ ሌላውን ስትነካው ምንም የለም። በዚያው ሰሞን ፍላሽ ያስጫኑት ሰዎች እየተመለሱ፣ «ዮዲት፣ ያንቺ ኮምፒውተር የኛን አሳመመው» ይሏት ጀመር። አንድ መምህርማ የትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ሁሉ ተበከለብን ብሎ ጮኸባት። ዮዲት እያፈረች ይቅርታ ጠየቀች። ዓባይነሽ ከጓዳ ሆና ይህን ሁሉ ትሰማለች።

ክንዴ ተጠራ። ክንዴ ዋናው መንገድ ዳር ፊልምና መዝሙር የሚጭን፣ ኮምፒውተርም የሚጠግን ሰው ነው። መጥቶ አጸዳው። ሳምንት ሳይሞላው ተመለሰ። አዲስ አንቲቫይረስ ከባሕር ዳር አስመጥቶ እንደገና አጸዳው፤ አሁንም ተመለሰ። በመጨረሻ፣ «በቃ፣ ፎርማት ነው መድኃኒቱ» ብሎ ኮምፒውተሩን ከነሥሩ አጠበው። ምን ዋጋ አለው! ያም ቢሆን ብዙ አልቆየ።

«ሐኪም በሽተኛው ፈጥኖ ከዳነበት ምን ይበላል?» አለች ዓባይነሽ፤ ቃሏን ክንዴ እንዲሰማው ብላ ነው። «ራሱ ያስገባዋል፣ ራሱ ያወጣዋል።»

ክንዴ ሳቀ እንጂ አልተቆጣም። «እትዬ፣ እኔ የምለው አንድ ነገር ነው። ቤት ውስጥ ያለው ፍላሽ በሙሉ ይምጣልኝ። አንድ እንኳ ሳይጸዳ ከቀረ ልፋታችን ውሃ በላው ማለት ነው።»

ዮዲት የራሷን አመጣች። ዓባይነሽ ነጠላዋን አጣፍታ ቆመች። እሷን ምን ነካት? እሷ እኮ የምትጠይቀው በሽታውን ማን አመጣው ብላ ነው፤ ጠያቂን ማን ይጠይቃል?

መቀነቷ ውስጥ ግን አንዲት ፍላሽ ተቋጥራ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቢሻው በሞተበት ዓመት፣ ጥር ሃያ ሦስት፣ የጊዮርጊስ ዕለት ፈረሰኞች ሲወጡ ደጀን አባቱን በስልኩ ቀርጾት ነበር። ቢሻው ዳማ ፈረሱ ላይ ሊወጣ ሲል ፈረሱ እየዞረ እምቢ ይለዋል። ፈረሱን በአገውኛ ይሰድባል፣ ልጁን በአማርኛ ይቆጣል፤ «ምን አፍህን ከፍተህ ታየኛለህ፣ እርካቡን ያዝልኝ እንጂ!» ከዚያ ኮርቻው ላይ ጉብ ካለ በኋላ ወዲያ ወዲህ ያይና፣ «ዓባይ የታለች? ዓባይን ጥሯት፣ ትየኝ!» ይላል። ዓባይነሽ ያን ዕለት አልሄደችም ነበር። ቤቱን ለማን ጥዬ፣ የጎረቤት ሌባ ቢያዩት ይስቃል ባያዩት ይሰርቃል፣ ብላ በር ስትጠብቅ ዋለች። በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ ቢሻው ሞተ።

ከሞተ በኋላ ያንን ቪዲዮ ከኮምፒውተሩ ላይ እያየች ቀኑን ሙሉ ታለቅስ ጀመር። ሐኪም ግፊትሽ ጨምሯል አላት። ደጀን ጨነቀውና፣ «እማዬ፣ እያየሽው ራስሽን ልትገድይ ነው» ብሎ አጠፋው። ዓባይነሽ አልተከራከረችም። ቪዲዮው የተቀረጸበትን የልጇን አሮጌ ስልክ ከመሳቢያ አወጣች፣ ዘመድ ልጠይቅ ብላ ዳንግላ ወረደች፣ ማንም በማያውቃት አንድ ሙዚቃ ቤት ቪዲዮውን ፍላሽ ላይ አስጫነች። ቆሰበር ላይ ማስጫን ማለትማ ለደጀን መንገር ነው። ከዚያ ወዲህ ዮዲት ገበያ ወይም ለክትትል ጤና ጣቢያ ስትሄድ፣ ዓባይነሽ በሩን ትቀረቅራለች፣ መቀነቷን ትፈታለች፣ ፍላሿን ትሰካለች። ኮምፒውተር መክፈቱን ያስተማረቻት ዮዲት ናት፣ መዝሙር እንድታዳምጥ ብላ። ቢሻው ፈረሱን ሲሰድብ ትስቃለች፣ «ዓባይን ጥሯት» ሲል ታለቅሳለች፣ ነቅላ መልሳ ትቋጥራለች። ይህን የሚያውቅ ከእሷና ከእግዜር በቀር የለም። እሷ እንደዚያ ነበር የምታስበው።

አንድ ቀን ድንች እየላጡ ሳለ ዮዲት ቀስ ብላ፣ «እማማ» አለቻት፤ «ምናልባት እርስዎም ዘንድ ፍላሽ የሚባል ነገር ካለ ይስጡኝና ላጽዳልዎት። የያዘው ነገር አይጠፋም።»

ዓባይነሽ ቢላዋው ከእጇ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። «የምን ፍላሽ? እኔ ምን አውቄ! እኔ ድንች ላጭ!»

«እሺ እማማ። እንዲያው ነው ያልኩት።»

ዓባይነሽ ግን ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰዳትም። ማን ነገራት? ደጀን ልኳት ይሆናል። ፈልጊና አጥፊው ብሏት ይሆናል። ደግሞ «አይጠፋም» ማለቷ! ማን ጠፋ አለና? ከዚያ ቀን ጀምሮ መቀነቷን ታጥቃ መተኛት ጀመረች።

በዚህ ላይ ወርቅአየሁ መጣች። ወርቅአየሁ ጨው ልዋስ ብላ ትገባለች፣ ጨው ሳትወስድ ነገር ጥላ ትወጣለች። «ዓባይነሽ፣ እኔ ምን አገባኝ» አለች፤ ሲያገባት እንዲህ ነው የምትለው። «ያ አጭር ኮት የሚለብሰው መምህር ግን፣ ፍላሽ ይዞ ሲመላለስ አየዋለሁ። ፍላሽ ለማምጣት ሽቶ ይቀባሉ እንዴ?»

ወይ ጉድ! ዓባይነሽ ውስጥ ድሮም የተዳፈነው እሳት ተጫረ። ልጇ በረሃ ለበረሃ ሲንከራተት እዚህ ቤት ምን እየተደረገ ነው? ቫይረሱን የሚያመጣው እሱ ነው፤ ምራቷ ደግሞ እየሸፈነችለት ነው። ነገሩ ሁሉ አንድ ላይ ገጠመላት። ለተጠራጣሪ ሰው ምን የማይገጥም ነገር አለ?

እሑድ ከቅዳሴ መልስ አውጫጭኝ ጠራች።

አውጫጭኝ የድሮ ነገር ነው። በሬ ሲጠፋ፣ ጎተራ ሲቃጠል፣ ያገሩ ሰው በሙሉ አንድ ቦታ ይሰበሰባል፤ ያደረገው ሰው እስኪወጣ ድረስ ሁሉም እየማለ ያውጣጣል። እድሩን የሚመሩት ጋሽ ምህረቴ ጥሪውን ሲሰሙ ሳቁ። «ለቫይረስ አውጫጭኝ?»

«በአውጫጭኝ የተገኘው በሬ ስንት ነው! ቫይረስ ከበሬ ይበልጣል?» አለች ዓባይነሽ።

ሰው መጣ። ከግማሹ በላይ የመጣው ለማየት ነው፣ ይታወቃል። ፍላሽ ያለው ፍላሹን ይዞ መጣ፣ ባለ ኮቱ መምህርም ሳይቀር። ክንዴ አንድ በአንድ ፈተሻቸው። «ምልክቷ ይቺ ናት» አለ፣ በሽተኛው ኮምፒውተር ላይ ያለውን ጽሑፍ በጣቱ እየጠቆመ፤ «ይቺ ከጥጉ ያለችው ትንሽ ቀስት። ቀስት ያለበትን ስትነኩት በሽታውን ትቀሰቅሱታላችሁ።» የመጣው ፍላሽ ሁሉ ቀስት አልነበረበትም። ባለፈው የታመመውን ክንዴ ራሱ አጽድቶት ነበር። «እንግዲህ ያልመጣ አንድ ፍላሽ አለ ማለት ነው» አለ ክንዴ።

ጋሽ ምህረቴ ማስማል ጀመሩ። ሁሉም እየተነሣ፣ አላስገባሁም፣ ያስገባ አላየሁም አለ። ዞሮ ዞሮ ዓባይነሽ ላይ ሲደርስ፣ «አንቺስ? በአውጫጭኝ የጠራውም ይምላል፣ ወጉ ነው» አሏት።

«የተሰረቀ ሰው ይምላል እንዴ ጋሽ ምህረቴ? ቤቱ የእኔ፣ ጉዳቱ የእኔ!» ሰው ሳቀ፣ እሳቸውም ፈገግ ብለው አለፏት። ያች መሐላ እዚያ ላይ ባትታለፍ ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ ነበር።

የመጨረሻዋ ዮዲት ነበረች። ሆዷን በእጇ ደግፋ ተነሣች። «አላስገባሁም» አለች፣ ድምፅዋ ጥርት ያለ ነበር።

«ያስገባውንስ ታውቂያለሽ?» አሉ ጋሽ ምህረቴ።

ዮዲት ዝም አለች።

«ልጄ፣ ታውቂያለሽ ወይ?»

ዓይኗ አንዴ ወደ ዓባይነሽ ሄደና ወደ መሬት ተመለሰ። አላውቅም አላለችም። አውቃለሁም አላለችም። ሳሎኑ በሹክሹክታ ተሞላ።

«አያችሁ?» ዓባይነሽ ከመቀመጫዋ ብድግ አለች። «አያችሁ ዝምታዋን! ታውቃለች ማለት ነው! የማንን ነው የምትሸፍኚው? የዚህን ሽቶ የሚቀባውን ነው? ልጄን በረሃ ሲያንገላታው ቤቱን ለማን ከፈትሽው?»

ከአፍ የወጣ አፋፍ አለ የአገሬ ሰው። መምህሩ ደንግጦ ተነሣ። ወርቅአየሁ እንኳ አንገቷን ደፋች። ጋሽ ምህረቴ፣ «ተይ ዓባይነሽ! ከሳሽ አይፈርድም!» ብለው ተቆጡ፤ ምን ያደርጋል፣ ከረፈደ ነው። ዮዲት ወደ ጓዳ ገባች፣ በማግስቱ ጠዋት ሻንጣዋን ይዛ በቻግኒ በኩል ወደ ፓዌ ሄደች።

ከሰዓት በኋላ ደጀን ደወለ። ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ቢሆንም ቁጣው አልተቆራረጠም። «እማዬ፣ ምንድን ነው ያደረግሽው? አልመለስም ብላለች። ልጁንም እናቴ ቤት እወልደዋለሁ፣ እዚያው ያድጋል ብላለች። ሰው ሰብስበሽ ሚስቴን...» ቀጥሎ ያለውን አልሰማችም፤ መስመሩ ተቋረጠ ወይ እሱ ዘጋባት።

ዓባይነሽ ባዶ ቤት ውስጥ ቀረች። አልጋው ሥር ዮዲት ለሕፃኑ የሠራችው ትንሽ የሱፍ ኮፍያ ወድቆ አገኘች። አራግፋ አልጋው ላይ አኖረችው፣ ልቧ ግን እምቢኝ አለ። እሷ ተሳስታ? «ይሁን» አለች ለራሷ፤ «ክንዴ እሑድ ሲሄድ አጽድቶታል። አሁን ቤቱ ውስጥ እኔ ብቻ ነኝ። በሽታው ካልተመለሰ፣ አስገቢዋ ማን እንደነበረች ደጀን ራሱ ያየዋል።» የሳሎኑን በር ቆለፈች፣ ቁልፉን መቀነቷ ውስጥ ከፍላሿ ጋር ቋጠረች። ወርቅአየሁ ጨው ስትል እንኳ ከደጅ መለሰቻት።

ሰነበተች። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ውሎ ሲያድር የምታናግረው ሰው ሲጠፋ፣ ቢሻው ናፈቃት። አንድ ቀን ከሰዓት ኮምፒውተሩን ከፈተች። መነፅሯን አድርጋ፣ መጀመሪያ የዮዲትን ጽሑፎች አየች። አንዳቸውም ላይ ቀስት የለም። «አላልኩም?» አለች፣ ጮክ ብላ። አሸነፈች። መቀነቷን ፈታች፣ ፍላሿን ሰካች።

የቢሻው ቪዲዮ ምልክት ብቅ አለ። ጥጉ ላይ ትንሽ ቀስት አለችበት።

ዓባይነሽ ጠጋ ብላ አየች። መነፅሯን አውልቃ ጠረገችና መልሳ አየች። ቀስቲቱ እዚያው ናት። ድሮም ነበረች፤ ከዳንግላ ካመጣችው ጀምሮ ነበረች፣ የምልክቱ ጌጥ መስላት እንጂ። ነካችው። ቢሻው ወጣ፣ ፈረሱን ሰደበ፣ «ዓባይ የታለች?» አለ። አልሳቀችም፣ አላለቀሰችም። ቪዲዮው ሲያልቅ ወደ ዮዲት ጽሑፎች ተመለሰች። ሁሉም ላይ ቀስት ወጥቷል። የክስ ማመልከቻው ላይ፣ የእድሩ ደብዳቤ ላይ፣ ሁሉም ላይ።

በሩ እንደተቆለፈ ነው። ቁልፉ ጉልበቷ ላይ ነው። ቤቱ ውስጥ ከእሷ በቀር ነፍስ ያለው ነገር የለም።

«እኔ ነኝ» አለች ዓባይነሽ። «ኡኡ! እኔ ነኝ!»

ጋሽ ምህረቴ ቤት በዝናቡ ውስጥ ያለ ጃንጥላ ነው የደረሰችው። «መሐላዬን ልማል መጣሁ» አለቻቸው። ሁሉንም ነገረቻቸው። ሽማግሌው፣ «ሌባ እናት ልጇን አታምንም ይባላል» አሉ። «ነገ ፓዌ አብሬሽ እሄዳለሁ። እዚህ ስድብሽን ለሰማው ሰው ግን ራስሽ ትናገሪያለሽ።» ዓባይነሽ ያን ምሽት በር በሩን እየዞረች ተናገረች፣ መምህሩም ቤት፣ ወርቅአየሁም ቤት።

ፓዌ እንደ እሳት ይፋጃል። የዮዲት ወላጆች ቤት ከማንጎ ዛፎች ጥላ ሥር ነው። ዓባይነሽ ከአጥሩ በር ላይ ድንጋይ አነሣች፣ ጋሽ ምህረቴ ትንሹን አንሺ ቢሏትም እምቢ ብላ ትልቁን፣ ማጅራቷ ላይ አድርጋ እንደ ወጉ ጎንበስ ብላ ገባች። የዮዲት አባትና እናት ደንግጠው ተነሡ። ዮዲት ግን ሆዷን ይዛ ቀድማ ደረሰችና ድንጋዩን ከማጅራቷ ላይ አወረደችው።

«እማማ፣ ምን ማድረግዎ ነው! ደግሞ በዚህ ሙቀት!»

«ተይኝ! ተይኝ ልጄ፣ ሁሉም ፊት ልናገር። በሽታው እዚህ ነው ያለው።» ዓባይነሽ መቀነቷን ለመፍታት ቋጠሮውን ትታገል ጀመር። ዮዲት ሁለቱንም እጆቿን ያዘቻት።

«ይተዉት እማማ። እዚህ አይፍቱት። አውቀዋለሁ።»

ዓባይነሽ ቀና አለች። «ምኑን ነው የምታውቂው?»

ዮዲት ሌሎቹ እንዳይሰሙ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «በክረምቱ መግቢያ አንድ ቀን ከጤና ጣቢያ ቶሎ ተመለስኩ። በመስኮቱ አየሁዎት። አባባ ፈረስ ላይ ነበሩ፣ እርስዎ እያለቀሱ ነበር። ሳላንኳኳ ተመልሼ ገበያ ሄድኩ። ከዚያ ድንች ስንልጥ ጠየቅሁዎት።»

«ታዲያ ያን ቀን! ጋሽ ምህረቴ ሲጠይቁሽ ለምን አልተናገርሽም? እንደዚያ ሳዋርድሽ፣ ለምን ዝም አልሽ?»

«ምን ላድርግ እማማ? ውሸት ልማል? ወይስ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት የአማቴን መቀነት ላስፈታ?»

ሰው ሁሉ ሊወስድባት የሚያደባ ሲመስላት የኖረው ያ ነገር፣ ወራት ሙሉ አንዲት ልጅ ስትጠብቅላት ነበር። ተሰድባም፣ ተባርራም ጠብቃላት ነበር። ዓባይነሽ ማንጎው ሥር መደቡ ላይ ተቀመጠች። ቋጠሮውን በገዛ እጇ ፈታች፣ ፍላሿን የዮዲት መዳፍ ላይ አድርጋ ጣቶቿን አጠፈችባት። «ያዢልኝ» አለች። «ስትፈልጊ አጽጂው። ስትፈልጊ አጥፊው።»

«አይጠፋም ብዬዎታለሁ እኮ። ተደብቆ ነው እንጂ ቪዲዮው አለ። አብረን እናየዋለን።» ዮዲት ፍላሿን ቀሚሷ ኪስ ከተተችና አጠገቧ ተቀመጠች። «ልጁን ግን እዚሁ ነው የምወልደው። የእናቴ ቤት ነው፣ የመጀመሪያ ልጅ ነው። ከአራስ ቤት ስወጣ እንመጣለን።»

የድሮዋ ዓባይነሽ ብትሆን ትመጫለሽ ወይስ ታታልይኛለሽ፣ ማይልኝ ትል ነበር። ቃሉ አፏ ድረስ መጣና መለሰችው።

«እሺ» አለች።

የዮዲት እናት በጣሳ ውሃ ይዛላት መጣች። ዓባይነሽ ከየት እንደተቀዳ ሳትጠይቅ፣ ጣሳው ውስጥ ሳታይ፣ ግጥም አድርጋ ጠጣችው።